አንድ ነጭ አብሯቸው ሊቀበር የመረጣቸውን ሰዎች አትናቁ

ወገኖቼ፣ የአሜሪካ ዜግነት የያዛችሁ የአገሬ ልጆች፣ ስሙኝ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት እናት የልጇን ክንድ ጨብጣ «ከእነዚያ ጥቁሮች ጋር አትጫወት አላልኩህም?» ስትለው ሰማሁ። ልጁ የገዛ እጁን ገልበጥ አድርጎ አየ። እኔም እንዳልሰማ አለፍኩ። ይህ ዝምታዬ ሳምንቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ሰነበተ።

ያ ልጅ ሲወለድ ጀምሮ አሜሪካዊ የሆነው በማን ምክንያት ነው? እዚህ አገር የተወለደ ዜጋ ነው የሚለው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ1868 የጸደቀው ከባርነት ለወጡት ጥቁሮች ተብሎ ነው። እኛ ተሠርቶ በቆየ ቤት ገባን። በ1965 ለአፍሪካውያን በሩን የከፈተው የኢሚግሬሽን ሕግም ቢሆን የእነርሱ የመብት ትግል በተፋፋመበት ዘመን የወጣ ነው።

ለዚያ ማሻሻያ በተወካዮች ምክር ቤት ግንባር ቀደም ሆኖ የተሟገተው የፔንሲልቬንያው ጠበቃ ታዴየስ ስቲቨንስ ነበር፤ ስሙ እኛ ታዴዎስ የምንለው የሐዋርያው ስም ነው። ነጭ ነው፣ ከልደቱ ጀምሮ አንድ እግሩ ቆልማማ ነበር። እንከን የሌለበት ሰው ግን አልነበረም። በ1821 ለባሪያ አሳዳሪ ጥብቅና ቆሞ ቻሪቲ በትለር የተባለች ሴት ከነልጆቿ ወደ ባርነት እንድትመለስ አስፈርዷል። ከዚያ በኋላ ግን ፊቱን አዙሮ ከጌቶቻቸው ላመለጡት ሲከራከር ኖረ። ስለዚህ «ያደግነው እንዲህ ነው» አትበሉኝ።

ስቲቨንስ በኖረባት በላንካስተር ከተማ ትልልቆቹ መካነ መቃብሮች ጥቁር አይቀበሉም ነበር። እርሱም ጥቁርና ነጭ ሳይለይ የሚቀበርበትን አንድ ትንሽ ቦታ መረጠ። ምክንያቱ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል፦ ብቸኝነትን ወድጄ አይደለም፤ ሌሎቹ በደንባቸው በዘር የተገደቡ ሆነው ስላገኘኋቸው፣ ዕድሜዬን ሙሉ የተሟገትኩለትን፣ የሰው ልጅ በፈጣሪው ፊት እኩል መሆኑን፣ በሞቴም ላሳይ ብዬ ነው ይላል።

እርሱ አፈሩን እንኳ አብሯቸው ሊካፈል የመረጣቸውን ሰዎች እኛ ከመጫወቻ ሜዳ እናባርራለን! ከቡና ረከቦት ዙሪያ ተቀምጠን «እኛ እንደ እነርሱ አይደለንም» እያልን ልጆቻችንን እናሳድጋለን። ፖሊስ የልጆቻችንን መኪና ሲያስቆም ግን ማን ከየት እንደመጣ አይለይላቸውም። ያን ጊዜ አብሯቸው የሚጮኸው ያ የናቅነው ጎረቤት ነው።

እኔ የፊታችን እሑድ ያችን እናት አግኝቼ ያን ዕለት የዋጥኩትን እነግራታለሁ። እናንተም በየደጃችሁ የዘጋችሁባቸው ጎረቤቶች አሉ፤ ዛሬውኑ አንኳኩ፣ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።