የቁም ሣጥኑን ጀርባ ማን ያየዋል?

የክርክሩ ጥያቄ አጭር ነው፤ የቴክኖሎጂ ድርጅት የሚያቋቁም ሰው ሥራን ከአናጺ መማር አለበት ወይ? አለበት የሚለው የአናጺ ልጅ ነው፤ ዛሬ ፕሮግራመር ሆኗል። የለበትም የምትለው አንድ ስታርታፕ ከፍታ የዘጋች፣ አሁን ሁለተኛውን የምትመራ ሴት ናት። ቀድሞ አንድ ቢሮ ስለሠሩ ብዙ አይግደረደሩም። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአናጺው ልጅ፦

አባቴ ኮልፌ ቁም ሣጥን ይሠራ ነበር። ከሱቁ ጀርባ የዋንዛ ሳንቃ ተከምሮ ይቀመጣል። አየር እንዲያልፍ በሳንቃና ሳንቃ መሀል ቀጫጭን እንጨት ይገባል። ልጅ ሆኜ ያ ክምር ያበሳጨኝ ነበር። ደንበኛው ቀብድ ከፍሎ ይጠብቃል፣ እንጨቱ እዚያ ተኝቷል። «ለምን አትሠራውም?» ስለው መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ «እርጥብ ነዋ!»

እርጥብ ዋንዛ ሲላግ ደስ ይላል። ቁም ሣጥኑም በተሠራ ቀን ያምራል። ጉዱ የሚወጣው በጋ ሲገባ ነው። እንጨቱ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ በሩ ይጣመማል። ደንበኛው በጋሪ ጭኖ ይዞት ይመጣል። ሰፈሩ ሁሉ እያየ።

እኔም ሥራ ስይዝ ያገኘሁት ያንኑ እርጥብ እንጨት ነው። ስሙ ይቅርና አንድ ድርጅት ውስጥ የክፍያ ሥርዓቱ አልፎ አልፎ ከሰው ሂሳብ ሁለቴ ይቆርጥ ነበር። ሦስት ሌሊት አደርንበት። በመጨረሻ ጥፋተኛዋን መስመር አገኘናት። አጠገቧ አንድ ቃል ተጽፏል፤ «ለጊዜው»። ከተጻፈች ሦስት ዓመት አልፏታል። የጻፋት ልጅ ካናዳ ገብቷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

ከአፕል መሥራቾች አንዱ ስቲቭ ጆብስ ጥሩ አናጺ ማንም ባያየውም የመሳቢያውን ጀርባ በኮምፔርሳቶ አይዘጋም ይል ነበር። ይህን ትምህርት ያገኘው አጥርና ቁም ሣጥን ሲሠሩ ከሚያያቸው ከአባቱ ነው። ይህ ብዙ ስለተወራለት አልፈዋለሁ። የመጫወቻ ድርጅቱን የሌጎን ግን አላልፍም።

ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን ዴንማርክ ውስጥ ቢሉንድ በምትባል ትንሽ ቦታ የሚኖር አናጺ ነበር። በኢኮኖሚው ድቀት ሥራ ሲጠፋ፣ በ1932 የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ። አንድ ቀን ልጁ ጎትፍሬድ ደስ ብሎት መጣ። የእንጨት ዳክዬዎቹን ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ በመቀባት ፈንታ ሁለቴ ብቻ ቀብቶ፣ ለድርጅቱ ገንዘብ ማትረፉን ተናገረ። አባትየው አላመሰገነውም። ወደ ባቡር ጣቢያው ተመለስ፣ ዳክዬዎቹን አምጣ፣ ሦስተኛውን ቀብተህ ላክ አለው። ማንም ሳይረዳው፣ ሌሊቱን ቢፈጅም። ሁለቴ የተቀባ ዳክዬ ከሦስቴው የሚለየው የትኛው ሕፃን ነው? ማንም። ያ ልጅ ግን ኋላ ድርጅቱን መራው።

ሌላም ልጨምር። የቶዮታን ሥር የተከለው ሳኪቺ ቶዮዳ የአናጺ ልጅ ነው። የመጀመሪያ የሽመና መሣሪያውን የሠራው ከእንጨት ነበር። በ1924 የወጣው አውቶማቲክ መሣሪያው ደግሞ አንድ ክር ሲበጠስ ራሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የተበላሸ ጨርቅ እየሸመነ አይቀጥልም። በ1929 የፈጠራ መብቱ ለእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ በ100,000 ፓውንድ ተሸጠ። በ1937 ልጁ ኪቺሮ ቶዮታ ሞተርን አቋቋመ። ስህተት ስታይ አቁም የሚለው ወግም አብሮ መኪና ፋብሪካው ገባ። እኛ ጋ ክር ሲበጠስ ምን እንደሚደረግ ታውቂዋለሽ። «ቀጥል፣ ሰኞ እናየዋለን።»

መሥራቿ፦

ወንድሜ፣ አባትህን አውቃቸዋለሁ። የሠሩልኝ ጠረጴዛ እስካሁን ቤቴ አለ። ከሳቸው ጋር ጠብ የለኝም።

ከጻፍከው ሁሉ ግን አንድ ቃል ያዝኩብህ፤ ቀብድ። አባትህ መጋዝ ከማንሳታቸው በፊት ደንበኛው መጥቷል። ቁመቱንና ወርዱን ተናግሯል። ብር አስቀምጧል። ቁም ሣጥን ምን እንደሆነም ሁለቱም ያውቃሉ፤ ልብስ ይሰቀልበታል፣ አለቀ። እኔ የመጀመሪያ ድርጅቴን ስከፍት ከነዚህ አንዱም አልነበረኝም።

ታሪኩን ስለምታውቀው ለአንባቢው ልናገር። ለመርካቶ ነጋዴዎች የዕቃ መቆጣጠሪያ አፕ ሠራን። 14 ወር ፈጀብን። አንተ እንደምትለው ነው የሠራነው፤ የኮዱ ጀርባ እንደ ፊቱ ተልጎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ። አንዲት ቁልፍ ምን ዓይነት አረንጓዴ ትሁን ብለን ሁለት ቀን ተከራክረናል። ከዚያ ስልኬን ይዤ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ገባሁ። ሰውዬው መነጽራቸውን አደረጉ። ወደ ላይ ወደ ታች አሉት። «ጎበዝ ልጅ፣ ዱቤው የቱ ጋ ነው የሚጻፈው?» አሉኝ።

ዱቤ የለውም። በ14 ወር ውስጥ አንዳችንም ዱቤ የሚባል ነገር ትዝ አላለንም። ሰውዬው የዘጠኝ ወር ዱቤ የሞላበትን ደብተራቸውን ከመሳቢያ አውጥተው አሳዩኝ። ጠርዙ የተበላ፣ ሻይ የፈሰሰበት። ከኛ አፕ ይበልጥ ነበር። ዱቤውን እስክንጨምር ብሩ አለቀ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ በሚስማር የተመታ ነገር ይዤ ብሄድ ኖሮ ያንን ጥያቄ በሁለት ሳምንት እሰማው ነበር።

አሁን ወደ ምሳሌዎችህ። ጆብስን አልፈዋለሁ ብለሃል፤ እኔ አላልፈውም። በ1981 ማኪንቶሽ የተባለው የአፕል ኮምፒውተር የመጀመሪያው ሲሠራ የውስጡ ቦርድ መስመሮች አስቀያሚ ናቸው አለ። መሐንዲሶቹ ማን ያየዋል አሉት። እሱ እምቢ አለ። ወደ 5,000 ዶላር ወጥቶ ቆንጆ ቦርድ ተሠራለት። ቆንጆው ቦርድ በትክክል አልሠራም። ወደ አስቀያሚው ተመለሱ። ከአፕል ከወጣ በኋላ ደግሞ ኔክስትን አቋቁሞ በ1988 ያንን ጥቁር ሣጥን ኮምፒውተር አወጣ። 6,500 ዶላር! እንደሱ ያማረ ኮምፒውተር አልነበረም ይላሉ። በጠቅላላው ወደ 50,000 ገደማ ብቻ ሸጡ፤ በ1993 ኮምፒውተር መሥራቱን ተዉት።

ሌጎስ? ቢሉንድ ያን ያህል የታወቀችው በዳክዬዎቹ ነው እንዴ? አናጺው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ውድ የፕላስቲክ ማሽን ገዛ። ዛሬ የምናውቀው የፕላስቲክ ጡብ በ1958 ተመዘገበ። በ1960 የእንጨት መጫወቻው ክፍል ሲቃጠል ቤተሰቡ መልሶ አልሠራውም። እንጨቱን ተዉት። አንተ ዳክዬው ላይ ቆመሃል፤ እነሱ ከዳክዬው ከወጡ ቆዩ።

ደግሞ አባትህ ለክተው ለክተው የሚቆርጡት ለምንድን ነው? የተቆረጠ ሳንቃ ስለማይቀጠል ነዋ። ኮድ ግን ይቀጠላል። ትናንት የጻፍከውን ዛሬ ትመልሰዋለህ፤ የኮድን የቀድሞ መልክ የሚያስቀምጠው ጊት ያለው ለዚህ አይደል? የማይመለሰውን ነገር ጥንቃቄ፣ ለሚመለሰው ነገር ምን ያደርግለታል?

የአናጺው ልጅ፦

እህቴ፣ ዱቤው ልክ ነው። እጄን ሰጥቻለሁ። አባቴም ቢሆን ለማያውቀው ቅርጽ መጀመሪያ በካርቶን ይቆርጥ ነበር፤ ዋንዛ ላይ አይለማመድም። ካርቶን ይዘሽ ወደ መርካቶ ብትሄጂ አናጺ አይቃወምሽም።

ካርቶኑን ግን ቫርኒሽ ቀብተው የሚሸጡት እነማን ናቸው? እኛ ነን። ነጋዴው ወደደው ብለን በዚያው ላይ ፎቅ እንጨምራለን። የፌስቡክን «ፍጠን፣ ስበር» የሚል መፈክር ግድግዳ ላይ የለጠፈ ቢሮ አብረን አይተናል። ፌስቡክ ራሱ በ2014 መፈክሩን ቀይሮታል። ፍጥነቱ እንዳለ ሆኖ፣ በስበር ፈንታ በተረጋጋ መሠረተ ልማት የሚለው ገባ። መለጠፊያው ግን እኛ ጋ ቀረ።

ኮድ ይመለሳል ያልሽው ላይ ልቆይ። ናይት ካፒታል የሚባል የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ድርጅት ነበር። በኦገስት 1፣ 2012 አዲስ ኮድ አስገቡ። ሥርዓቱ ከሚሠራባቸው ስምንት ሰርቨሮች (ኮምፒውተሮች) አንዱ ላይ መጫኑ ተረሳ። እዚያ ሰርቨር ላይ ለዓመታት ያልተጠቀሙበት፣ ግን ያልጠፋ አሮጌ ኮድ ተኝቶ ነበር። ጠዋት ገበያው ሲከፈት ነቃ። ሳይጠየቅ መግዛትና መሸጥ ጀመረ። በ45 ደቂቃ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰሩ። ኮዱማ ይመለሳል፤ አንድ ትእዛዝ ነው። ብሩ አልተመለሰም። በዓመቱ ድርጅቱ ከሌላ ጋር ተጠቃለለ። የቁም ሣጥኑን ጀርባ ማን ያየዋል ስትዪ ያ ሰርቨር ትዝ ይበልሽ።

ሁለቴ የተቆረጠበት ሰውም እንዲሁ ነው። ብሩን መለስንለት። ለወሩ የቤት ኪራይ ግን አልደረሰለትም፤ ከአከራዩ ጋር የተነጋገሩትን ጊት አይመልሰውም።

ስለ ኔክስትም ግማሹን ነው የተናገርሽው። ሣጥኑ አልተሸጠም፤ ውስጡ ያለውን ሶፍትዌር ግን በ1996 መጨረሻ አፕል ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጥቶ ለመግዛት ተስማማ። ዛሬ ለአይፎን ኮድ የሚጽፍ ልጅ አንዳንድ ስሞችን «ኤንኤስ» በሚሉ ሁለት ፊደላት ይጀምራል። የኔክስትስቴፕ ፊደላት ናቸው። ማንም ያላየው ጀርባ ይኸው በየኪሳችን አለ።

መሥራቿ፦

አለ። አስራ ምናምን ዓመት ማን አበላው ግን? ሮስ ፔሮ የሚባል የቴክሳስ ሀብታም በ1987 20 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ከዚያ ካኖን ከጃፓን መጥቶ 100 ሚሊዮን ጨመረ። ያንን ያህል ቀብድ ካመጣህልኝ እኔም ሳንቃዬን ጥላ ሥር አስተኝቼ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። የኔ ብር የሚበቃው ለስምንት ወር ነው። ስምንተኛው ወር ላይ ደረቁም እርጥቡም እኩል ማገዶ ነው።

ገንዘብ የሚነካውን ኮድ በአባትህ ወግ ሥራ፤ እሺ። ዘንድሮ ቡድኔን እንደዚያ ነው የማሠራው፤ ክፍያ ላይ ሁለት ሰው ሳያየው ምንም አይገባም። ለቀሪው ግን ሚስማር ስጠኝ። አንተ ደግሞ የማታምነው ይሄንን ነው። የማይታይ መሳቢያ ሁሉ ያው ዋንዛ ይሁን ትላለህ። ትናንት እንኳ አንድ ሰው በሳምንት አንዴ የሚከፍተው የሪፖርት ገጽ ላይ አራት ቀን ማደርህን ሰምቻለሁ።

አንድ ነገር በእውነት መልስልኝ። አባትህ በዕድሜያቸው ቀብድ ሳይቀበሉ የሠሩት ቁም ሣጥን ስንት ነው?

የአናጺው ልጅ፦

አምስት ቀን ነው፤ አራት አይደለም።

ቀብድ ያልተቀበለበት አንድ ነው። የእናቴ ነው፣ መኝታ ቤታችን ቆሟል። ፊቱ ዋንዛ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር የግራው በር እምቢ ይላል፣ በርብርብ ነው የምንዘጋው። ጀርባው ኮምፔርሳቶ ነው። ቫርኒሹን ሰኞ እቀባዋለሁ ሲል ሃያ አንድ ዓመት ሆነው።