«ስልኩ ጥሩ ነው፤ ለእኔ ሥራ ግን አይሆንም»

ከሁለት ዓመት በፊት ከምኖርበት ከሜሪላንድ ለታላቅ እህቴ ስልክ ይዤላት መጥቼ ነበር። እኔ ከምይዘው በዋጋ የሚበልጥ፣ በወቅቱ በካሜራው ጥራትና በፍጥነቱ የተሞገሰ ስልክ ነበር። ዘንድሮ ቱሉ ዲምቱ ወደሚገኘው ቤቷ ስመለስ ያንኑ ስልክ ከነካርቶኑ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ አገኘሁት። እቴቴ ቅር እንዳይለኝ ተጨንቃ፣ «ስልኩ ጥሩ ነው ወንድሜ፤ ለእኔ ሥራ ግን አይሆንም። የልጆቹ ምርቃት ሲደርስ ፎቶ አነሳበታለሁ» አለችኝ። በመጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። ነገር ግን ቤቷ በቆየሁባቸው ሦስት ሳምንታት ውሎዋን ሳይ፣ ስልኩን የመረጥኩት ለእርሷ ሕይወት ሳይሆን ለራሴ ሕይወት እንደነበረ ተገነዘብኩ።

እቴቴ የምትኖረው የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት አካባቢ ብዙም ሳይርቅ፣ በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ባለው የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው። መተዳደሪያዋ እንጀራ ጋግሮ ለምግብ ቤቶችና ለጎረቤቶች ማስረከብ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነስታ ምጣዱን ትለኩሳለች፤ አሰስ አድርጋ ሊጡን ስታዞር፣ አክንባሎውን ስትከድን፣ የበሰለውን በሰፌድ ስታወጣ እጇ አንዴ እርጥብ፣ አንዴ ዘይት ያለበት፣ አንዴ ሊጥ የነካው ነው። እንዲህ ባለ ጣት የጣት አሻራ የሚጠይቅ ስልክ አይከፈትም፤ የመስታወት ገጽም ንክኪውን በትክክል አይቀበልም። ስለዚህ ከምጣዱ አጠገብ የምታስቀምጠው ኪፓድ ስልክ ነው። ሲጮህ በክርኗም ሆነ በጣቷ ጀርባ ቁልፉን ተጭና «ሃምሳ እንጀራ ለአራት ሰዓት፣ እሺ» ብላ ትዘጋለች። ሌላው ስልኳ፣ የቴክኖ ስሪት የሆነው፣ ለቴሌግራምና የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ለሆነው ለቴሌብር ነው። የብሎኩ ነዋሪዎች ውሃ መምጣቱንና መብራት መጥፋቱን የሚነጋገሩት፣ የእድር ስብሰባም የሚጠራው በቴሌግራም ስለሆነ፣ ከዚያ ውጭ መሆን ከሰፈሩ መነጠል ማለት ነው።

የገረመኝ ደግሞ የገንዘቡ ነገር ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ውስጥ እንጀራ የሚወስደው ልጅ፣ ጤፍ የሚያመጣው ነጋዴ፣ የእቁቡ ሰብሳቢ ሁሉም በእርሱ መቀባበልን ለምደዋል። ኢንተርኔት ሲቋረጥም በ*127# ይሠራል፤ ገንዘቡ መድረሱን የሚያረጋግጠውም በአጭር መልእክት ስለሚመጣ ኪፓዱ ስልክ ራሱ ይበቃዋል። እቴቴ «ልኬያለሁ» ብሎ የስልኩን ምስል ለሚያሳያት ሰው እንጀራውን አትሰጥም፤ መልእክቱ በራሷ ስልክ ሲገባ ነው የምታስረክበው፣ ምስል እንደሚቀነባበር ታውቃለችና። እኔ በምኖርበት አገር የባንክ ሥራዬን ሁሉ የምሠራው ኢንተርኔት በማይቋረጥበት ስልክ ላይ በተጫነ መተግበሪያ ነው። መተግበሪያው ባይከፈት ምን አደርግ ነበር ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከሁሉ በላይ ግን የባትሪው ጉዳይ አስተማረኝ። ሜሪላንድ ውስጥ በቤት፣ በመኪና፣ በመሥሪያ ቤት፣ በቡና ቤት ሶኬት አለ፤ ስልኬ 20 በመቶ ሲደርስ የሚሰማኝ ትንሽ መሰላቸት ብቻ ነው። በእቴቴ ቤት መብራት ሲሄድ ምጣዱ ይቆማል። ምጣዱ ሲቆም ደግሞ ለምግብ ቤቶቹ መዘግየቱን መንገር፣ ሌላ ሰፈር የምትጋግር ጓደኛዋ የጎደለውን እንድትሞላላት መለመን፣ መላኪያውን ልጅ ማቆየት ይመጣል። ስልኩ አብዝቶ የሚያስፈልጋት ልክ ቻርጅ ማድረግ በማትችልበት ሰዓት ነው። እኔ ያመጣሁት ቀጭን ስልክ በስስነቱ ይመሰገናል፤ ስስነቱ የተገኘው ግን በአነስተኛ ባትሪ ነው። በቴክኖዋ ውስጥ ያለው 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ስልኩን ወፍራምና ከባድ ቢያደርገውም፣ ለእርሷ ያ ክብደት ሁለተኛ ቀን ማለት ነው። የባሏ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ሥራው መርካቶ ስለሆነ ሳይነጋ ወጥቶ ከመሸ የሚገባ፣ የቀኑን ብዙ ሰዓት በታክሲ ሰልፍና በሃይገር ውስጥ የሚያሳልፍ ሰው ነው።

የሲም ካርዱ ነገርም እንዲሁ ነው። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ፣ ብዙ ሰው የእርሱንም የኢትዮ ቴሌኮምንም ኔትወርክ ይይዛል፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይሠራል፣ ጥቅሉም የሚረክስበት ቀን ይለያያል። ያመጣሁላት ስልክ ግን ሲም የሚያስገባበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ሌላውን መስመር በካርድ አልባ አሠራር (ኢ-ሲም በሚባለው) አስመዝግቢ ይላል። ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩት አይፎኖች እንዲያውም ከአይፎን 14 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ፣ የሲም ማስገቢያ ጭራሹን የላቸውም። ለዘመዱ ከዚያ ስልክ ገዝቶ የሚመጣ ወገኔ ይህን ቀድሞ እንዲያውቅ እወዳለሁ፤ ካርዱን ከአንዱ ስልክ አውጥቶ ወደ ሌላው መክተት፣ ስልክ ቢሰበር ከጎረቤት ቀፎ ተውሶ በራስ ቁጥር መደወል ቱሉ ዲምቱ ላይ የዕለት ተዕለት ነገር ነው።

ስለ ጥገና ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የቴክኖው ስልክ የቻርጅ ሶኬት ሲበላሽ እቴቴ ከአስፋልቱ ዳር ወዳለ ሱቅ ወሰደችው፤ ልጁ ቡና ጠጥተን ሳንጨርስ ቀይሮ መለሰው። የእኔን ስጦታ ግን አገላብጦ አየና፣ ጀርባው በሙጫ የታሸገ መሆኑን፣ ዕቃውም መርካቶ ድረስ ተፈልጎ ላይገኝ እንደሚችል በአክብሮት ነገረኝ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የባትሪ ደንብ፣ ከየካቲት 2027 ጀምሮ በአነስተኛ መሣሪያዎች ውስጥ ያሉ ባትሪዎች በመርህ ደረጃ ተጠቃሚው ራሱ አውጥቶ ሊቀይራቸው የሚችላቸው እንዲሆኑ ይጠይቃል። ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮም በኅብረቱ አገሮች የሚሸጥ አዲስ ስልክ የታይፕ ሲ ቻርጀር መቀበል አለበት። እዚያ ይህ የሸማች መብትና የቆሻሻ ቅነሳ ጉዳይ ሆኖ ተከራክረውበታል። እዚህ ግን መብራት በአንዱ ብሎክ ጠፍቶ በሌላው ሲኖር ከጎረቤት ቻርጀር ተውሶ ስልክን የመሙላት ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ በእኛም አገር ቢታሰብ መልካም ይመስለኛል፤ የጥገና ሙያውና የሙያው ባለቤቶች በየሰፈሩ አስቀድመው አሉና።

ይህን ስል የቻይና ስልክ ሁሉ ይሻላል ማለቴ አይደለም። ቴክኖን፣ አይቴልንና ኢንፊኒክስን የሚያመርተው ትራንሽን የተባለው የሼንዘን ኩባንያ የአፍሪካን ገበያ ጠይቆ እንደሠራ አያከራክርም፤ ሁለት ሲም፣ ትልቅ ባትሪ፣ ጥቁር ፊትን አጥርቶ የሚያነሳ ካሜራ፣ የአማርኛ ፊደል ያለው ኪፓድ ሁሉ የመጣው ሰዉን ከማየት ነው። ነገር ግን በእነዚህ ርካሽ ስልኮች ላይ የሚጫነው ማስታወቂያ ያስመርራል፤ ማከማቻቸው ቶሎ ይሞላል፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ የደኅንነት ማሻሻያ ለረጅም ዓመታት የማይደርሳቸው መሆኑ ነው። የቤተሰብ ገንዘብ በሙሉ በስልክ ውስጥ በሚያልፍበት ዘመን ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ከምርጫው በፊት የሚጠየቀው ጥያቄም ይህ ሊሆን ይገባል፤ ነገር ግን ሻጩም ገዢውም ሲጠይቁት አልሰማሁም።

ስለ ስልክ በአማርኛ የሚያስረዱ ወጣቶችን በዩቲዩብ አዘውትሬ እመለከታለሁ፤ ትጋታቸውንም አከብራለሁ። ሆኖም የሚለኩት ነገር በአብዛኛው እኔ በምኖርበት አገር ያሉ ገምጋሚዎች የሚለኩት ነው። ስልኩ ምሽት ላይ ፎቶ እንዴት ያነሳል፣ ጨዋታ ሲጫወቱበት ይግላል ወይ ይሉናል። መብራት ለአንድ ቀን ተኩል ቢጠፋ እስከ መቼ ይቆያል? የከተማው ጫፍ ላይ፣ ምሶሶው በራቀበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ውስጥ ኔትወርክ ይይዛል? ስክሪኑ ቢሰበር ዕቃው መርካቶ ውስጥ በስንት ብር ይገኛል? ማሻሻያ እስከ መቼ ይመጣለታል? በእርጥብ ጣት ይከፈታል? እነዚህን ለክቶ የሚነግረን ሰው ቢገኝ፣ እኛ ውጭ የምንኖረውም ስጦታ ስንገዛ ዓይናችንን ይገልጥልን ነበር። ስልክ ስንልክ ገንዘባችንን ብቻ ሳይሆን ፍቅራችንንም ነው የምንልከው፤ በካርቶን ውስጥ ተኝቶ ሲቀር ደግሞ ሁለቱም ወገን በዝምታ ያዝናል።

ከመሄዴ በፊት በነበረው ማታ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ምን ላምጣልሽ ብዬ እቴቴን ጠየቅኋት። ትንሽ አሰበችና፣ ጠንካራ ፓወር ባንክ፣ ሁለት ስልክ አንድ ላይ የሚሞላ፣ ከተቻለም የእጅ ባትሪ ያለው አለችኝ። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚሆነውን መርጫለሁ፤ 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚሆን አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ ከሚቀበሉት ከ100 ዋት ሰዓት በታች ነው። በእጅ ሻንጣ ብቻ ስለሚፈቀድም፣ በእጅ ሻንጣዬ ውስጥ ከአሁኑ ቦታ አስቀምጬለታለሁ።