ባሕሩ ይቆየን፣ ሐይቁ ዳር አድርሱን

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። አዲስ አበባ አልቃ የአዳማው የክፍያ መንገድ የሚጀምርበት። በፋሲካ ሰሞን በረንዳዬ ላይ ቆሜ ወደ ቢሾፍቱ የሚሄደውን መኪና ማየት ልማዴ ነው። ሚኒባሱ፣ ዶልፊኑ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ፍራሽ የጫነው ቪትዝ ሳይቀር። ሁሉም የሚሄደው ውኃ ፍለጋ ነው።

ፈረንጅ በፀደይ ዕረፍቱ ባሕር ዳር ሄዶ አሸዋ ላይ ይጋደማል። እኛም ፀደይ አለን። ፀደይ ሲባል ብዙ ሰው መስከረምና አደይ አበባ ነው የሚመጣበት። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ፋሲካም ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። ስለዚህ ትልቁ በዓላችን ሁሌም ፀደይ ላይ ነው የሚውለው። ይህን የሚነግረን ስሌት ባሕረ ሐሳብ ይባላል። ከእኛ ብሎክ ምድር ቤት የሚኖሩት ጋሼ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። «የቀረን ባሕር እሱ ነው» ይላሉ።

እውነት አላቸው። ኤርትራ በ1985 ነፃ አገር ስትሆን ምፅዋም አሰብም አብረው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ እዚህ የተወለደ ልጅ ባሕርን የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው። በጥቅምት 2016 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ቀይ ባሕር ከተናገሩ ወዲህ ደግሞ ወሬው ሁሉ ባሕር ሆነ። ታክሲ ውስጥ ባሕር፣ ፀጉር ቤት ባሕር፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ባሕር። ክርክሩን አልጠላም። የእኔ ጥያቄ ግን ትንሽ ናት። ቀይ ባሕር ሲደርስ ይደርሳል። እስከዚያው ደጃችን ያለው ሐይቅ ዳር መድረስ ለምን አቃተን?

ጋሼ በጉብዝናቸው ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና እየነዱ አሰብ ይመላለሱ ነበር። ስለ ባሕር ማውራት ሲጀምሩ የብሎኩ ልጆች ኳሳቸውን ጥለው ይመጣሉ። ሙቀቱ ሌላ ነው ይላሉ፤ ሌሊት ቤት ውስጥ አይተኛም፣ አልጋ ተይዞ ወደ ውጭ ይወጣል። ከውኃው ስትወጣ ጨው ቆዳህ ላይ ይነጣል፣ ዐይንህ ይለበለባል። «ግን መጨረሻው አይታይም እኮ!» ይላሉ። እዚህ ላይ ሁሌም ዝም ይላሉ።

ለዳግማይ ትንሣኤ ከጎረቤት ጋር ተዋጣንና ሚኒባስ ኮንትራት ያዝን። ባለቤቴ ለበዓሉ እንደገና ዶሮ ሠራች። ጎረቤታችን ድፎ ዳቦ ደፋች። ጋሼን ጋቢና አስቀመጥናቸው። ከእኛ ሰፈር ቢሾፍቱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የስድስት ዓመት ልጄ ግን ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ «ባሕሩ ደረሰ?» ስትል ነው የቆየችው። ሐይቅ ነው ብዬ ላርማት አልኩና ተውኩት። የእኛ ሰው ሐይቁንም ባሕር ይለው የለ? ባሕር ዳር ከተማ ስሟን ያገኘችው ጣና ዳር ሆና ነው።

ከሐይቁ ዳር ካሉት ሎጆች የመጀመሪያው በር ላይ ጥበቃው ቆጠረን። የመግቢያውን ዋጋ ነገረን። እርስ በርስ ተያየን፤ በዓል ነው ብለን ተስማማን። ከዚያ ድስቱን አየ። «ምግብ ከውጭ አይገባም» አለ። ጋሼ ወርደው ሊያነጋግሩት ሞከሩ። «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የታዘዝኩትን ነው» አላቸው። ዶሮው መኪና ውስጥ ይቆይ የሚል ሐሳብም አመጣ። ባለቤቴ «ዶሮው ከቀረ እኔም እቀራለሁ» አለች። እዚያው አበቃ።

ሁለተኛው በር ሠርግ ይዞታል። ሦስተኛው የሚያስገባው ለሚያድር እንግዳ ብቻ ነው። ልጄ በብረት በሩ ቀዳዳ አጮልቃ አየችና «አየሁት! ሰማያዊ ነው!» ብላ ጮኸች። የዚያን ቀን ባሕሯ ይኸው ነበር። ምሳችንን በሁለት አጥሮች መሃል በቀረች ቦታ፣ አንድ ግራር ሥር በላን። ውኃው ከእግራችን በታች ነበር። ግን መውረጃ የለም።

ጥበቃውን አልወቅስም። ሎጅ የሠራውንም ሰው አልወቅስም፤ ገንዘቡን አውጥቷል፣ ለስንት ወጣት ሥራ ሰጥቷል። ገንዘብ ያለው ገብቶ ይዝናና። የእኔ ጣጣ ከአጥሩ ጋር ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው። አንድ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን አስቡ። ዳሩ ገደል ነው፣ ለጥ ያለ ሜዳ ብዙ የለውም። ወደ ውኃው የሚያወርደው ቦታ ጥቂት ነው። ያንን ጥቂት ቦታ የያዘ ሰው ሐይቁን ያዘ ማለት ነው። ላንጋኖ ቢሆን ዳሩ ረጅም ነው፣ አንዱ ቢያጥር ሌላው ጋ ትሄዳለህ። ቢሾፍቱ ላይ ግን አጥሮቹ ተያይዘው ቀለበት ሲሆኑ ጊዜ አይፈጅባቸውም።

ሕጉን ካነሳን ደግሞ መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል ሕገ መንግሥቱ፣ አንቀጽ 40። የውኃ ሀብት አዋጁም፣ ቁጥር 197/1992፣ የአገሪቱ ውኃ በሙሉ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ስለዚህ ውኃው የእኔ ነው፤ ውኃው ዳር ያለችው ሃያ እርምጃ መሬት ግን በሊዝ የሌላ ሰው ናት። ንብረትህን በአጥር ቀዳዳ አጮልቀህ እንደማየት ነው።

ክፍት ቢሆን ሰው ያቆሽሸዋል የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፣ ያቆሽሸዋል። እኛ በበላንበት ግራር ሥር እንኳ የሃይላንዱ ብዛት ለመቀመጫ ቦታ አሳጥቶን ነበር። መስጠምም አለ። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ይበልጣል፤ ጥቂት እርምጃ ገብተህ መሬት ልታጣ ትችላለህ። ዋና የማይችል ልጅ የሚለቀቅበት ቦታ አይደለም። ግን ይህ ሁሉ ጥበቃ፣ ሽንት ቤት፣ ቆሻሻ መጣያና ጎበዝ ዋናተኛ ይቀጠር የሚያሰኝ ነው እንጂ ይታጠር የሚያሰኝ አይደለም። ለዚያ የሚሆን መጠነኛ ክፍያ ብንጠየቅ ማን እምቢ ይላል? አዲስ አበባ ውስጥ ለፓርክ መግቢያ እየከፈልን አይደል?

በእያንዳንዱ ሐይቅ አንድ የሕዝብ በር ይከፈት። በውኃው ጠርዝም ሰው በእግሩ የሚያልፍባት ቀጭን መንገድ ትኑር፣ አዲስ ሊዝ ሲሰጥም ከእሷ ወዲህ ይሁን። ይህን ያህል ነው። ወንጪ የሄደ ሰው ያውቃል፤ እዚያ የአካባቢው ገበሬ ፈረሱን አከራይቶህ እስከ ሐይቁ ያወርድሃል። አንተም ትዝናናለህ፣ እሱም ያገኛል።

ለነገሩ ለእኛ ሰፈር ከቢሾፍቱም የሚቀርብ ውኃ ነበር። የአባ ሳሙኤል ግድብ ሐይቅ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የከተማውን ቆሻሻ ተሸክመው የሚገቡት እዚያ ነው። አንድ ቀን ልጄን ይዤ ልሄድ አሰብኩና ሽታው ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ስለ እሱ ለብቻው መጻፍ ይሻላል።

ለሚቀጥለው ፋሲካ ከወዲሁ መመካከር ጀምረናል። ድስቱን ቤት ትተን እንሂድና እዚያው እንብላ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ጋሼ አልተቀበሉም። አሰብ ድረስ ስንቃቸውን ይዘው ሲሄዱ ማንም በር ላይ አስቁሟቸው አያውቅም።