ሠልስት የሌለው ሐዘን

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ አረጋውያን መጦሪያ የገባ ሰው ገላ አጣቢዋም አጉራሿም የኛ ሰው ሆና ሊያገኛት ይችላል። ወራት ስታጎርሳቸው የከረመቻቸው ሽማግሌ ጠዋት ያርፋሉ። አንሶላው ይገፈፋል፣ ፍራሹ በመድኃኒት ይወለወላል፣ ብዙም ሳይቆይ በሩ ላይ የሌላ ሰው ስም ይለጠፋል። አገር ቤት ለሟች ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጎረቤት እስከ ሠልስት ቤቱን አይለቅም። እሷን ግን ሟቹ ዘመዷ አይደሉምና «እግዜር ያጥናሽ» የሚላት የለም። (እውነቱን ለመናገር አገር ቤት ያለችው ነርስም ከዚህችኛዋ አትሻልም፤ እድር በሽተኛ ለሞተባት ነርስ አይደርስም።)

ቡድሂስቶች ይህን ሐዘን ከጥንት መርምረውታል። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቡድሂስት ሊቁ ቡድሃጎሳ የጻፈው ቪሱዲማጋ የተባለ መጽሐፍ ለርኅራኄ ሁለት ጠላት ይቆጥርለታል፤ የሩቁ ጭካኔ ነው፣ የቅርቡ ራሱ ሐዘን። የቅርቡ የሚያታልለው ርኅራኄን ስለሚመስል ነው። በኛ ቋንቋ ከንፈር መምጠጥ ልንለው እንችላለን። ፈረንሳዊው የቡድሂስት መነኩሴ ማቲዩ ሪካር ከተመራማሪዋ ታኒያ ዚንገር ጋር የአንጎል ምርመራ ሲያደርግ የሰውን ሥቃይ ብቻ እንዲጋራ ተጠየቀ። ብዙም ሳይቆይ ዛለ፤ ወደ ርኅራኄ ሲሻገር ግን ድካሙ ለቀቀው።

የዜን (የቡድሂዝም አንድ ዘርፍ) መምህርቷ ጆአን ሃሊፋክስ ለሐኪሞችና ለነርሶች የምታስተምረው አምስት እርምጃ በር ላይ እጅ ሲታጠቡ ሊጀመር ይችላል። አንድ ትንፋሽ ወስዶ እግር ወለሉን መርገጡን ማስተዋል፤ ለምን እንደመጡ ማስታወስ፤ መጀመሪያ የራስን አካል ማዳመጥ (መንጋጋ ተነክሷል? ትከሻ ወጥሯል?)፣ ቀጥሎ በሽተኛውን፤ አሁን የሚጠቅመውን መለየት፣ ምናልባት ከምክር ይልቅ ጉንጭ ውኃ ነው፤ ከዚያ ሠርቶ መዝጋት። በቀላሉ የሚዘለለው መዝጋቱ ነው። ሲወጡ ትንፋሽን ለቀው «ይህ አለቀ» ካላሉ የመጀመሪያው ክፍል ሐዘን ሦስተኛው ክፍል ድረስ ይከተላል።

በ1987 ሳን ፍራንሲስኮ የተጀመረው የዜን ሆስፒስ (ለሞት የተቃረቡ ሰዎች መንከባከቢያ) ደግሞ ለሞት መዝጊያ አበጅቶ ነበር። አስከሬኑ ሲወጣ አትክልት ቦታው ላይ ይቆም ነበር፤ የፈለገ ይናገር፣ የፈለገ ያዜም ወይም ዝም ይል ነበር፣ የአበባ ቅጠልም ይበተንበት ነበር። ሠልስት በጥቂት ደቂቃ ማለት ነው።

በዚያው በቪሱዲማጋ የልብ እርጋታም የቅርብ ጠላት አለው፤ ግድየለሽነት። «ለምጄዋለሁ» የምትለው ሠራተኛ ተረጋግታ ይሁን ደንዝዛ ለማወቅ ማንኪያውን ማየት ይበቃል። የተረጋጋችው አፍ ባዶ እስኪሆን ትጠብቃለች፤ የደነዘዘችው በስልክ እያወራች ሁለተኛውን ጉርሻ ታስከትላለች።