የዓይን ጠብታ

ሰኔ ሲገባ በቶሮንቶ የምሠራበት ድርጅት ሠራተኞች አንድ ዓይነት ሰማያዊ ካናቴራ ለብሰን አምስት ኪሎ ሜትር ተራመድን። ገንዘቡ ልጆችን በሚይዘው የስኳር በሽታ ላይ ለሚደረግ ምርምር ነው። እያንዳንዳችን ከወዳጅ ዘመድ ለምነን የሰበሰብነውን ያህል ድርጅቱም ከራሱ ጨመረበት። አንዳንዱ የመጣው ለፎቶግራፉ ነበር፤ እኔም ሁለት ተነሥቻለሁ።

ከፊት የምትመራን የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የቡድኑ ስም የእሷ ስም ነው። ክንዷ ላይ የተለጠፈችውን የስኳር መለኪያ እንደ አዲስ የእጅ ሰዓት እያሳየች፣ ለማታውቀው ሰው ሁሉ "አሁን ሰባት ነጥብ ሁለት ነኝ" ትላለች። በእርግጥ ከተማዋ ለዚህ ሕመም ባዕድ አይደለችም። ተመራማሪዎቹ ባንቲንግና ቤስት በ1921 እ.ኤ.አ. የሕመሙን መድኃኒት ኢንሱሊንን ያገኙት እዚያው በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ በዓመቱ ጥር ላይ የመጀመሪያውን መርፌ የተወጋውም የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የሚጠብቀው ሞቱን ብቻ ነበር።

ሰኔ ሳይወጣ ካናቴራውን በሻንጣዬ ይዤ ባሕር ዳር ገባሁ። የእህቴ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ያው ሕመም አለባት። አምና ውሃ ውሃ ስትል፣ ሌሊት ለሽንት ስትመላለስ፣ ከስታ አጥንቷ ሲወጣ፣ በአንድ ክሊኒክ ወባ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጣት። ራሷን ስታ ሆስፒታል ከገባች በኋላ ነው ስኳሯ የተለካው። እኛ ስንናደድ "ቆሽቴ አረረ" እንላለን። የዚህች ልጅ ቆሽት ግን ያለ ንዴት ነው ያረረው፤ የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ሕዋሳት እንደ ጠላት ቆጥሮ ፈጃቸው። ከረሜላ በልታ ያመጣችው አይደለም። ይህን ለእህቴ ሦስት ጊዜ አስረድቻለሁ፤ እሷም ሦስት ጊዜ "አውቃለሁ፣ ለሰው ግን እንዳታወራ" ብላኛለች።

"ለምን?"

"ነገ ትዳር አለባት።"

ስለዚህ በሽታው በዚህ ቤት ስም የለውም። ፍሪጅ ስለሌላቸው ኢንሱሊኑ የሚቀመጠው ጎረቤት ካሉት እማማ ቤት ነው፤ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ፣ "የዓይን ጠብታ" ተብሎ። መብራት ሲጠፋ እህቴ ሁለት ማሰሮ አንዱን በሌላው ውስጥ ከትታ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ሞልታ፣ መድኃኒቱን እዚያ ታስቀምጣለች። በበጋ ደኅና ያቀዘቅዛል፤ በክረምቱ እርጥበት ግን ብዙም አይረዳም።

ካናቴራውን ስሰጣት ልጅቷ ጽሑፉን ጮክ ብላ አነበበችው። እንግሊዝኛዋ ጎበዝ ነው። እናቷ ከእጇ ተቀብላ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ እኔንም እንደ አንድ ሞኝ አየችኝ። ማታ ልጅቷ አውጥታ ገልብጣ ለብሳው ተኛች።

በማግስቱ ጣና ዳር፣ ከዘንባባው ሥር፣ ታንኳ የሚቀዝፉትን እያየን አብረን ተራመድን። መርፌዋን የምትወጋው ሽንት ቤት ተደብቃ እንደሆነ ነገረችኝ። ቶሮንቶ ያለችው ልጅ ትዝ አለችኝ፤ ለእህቴ ልጅ ስል ቀናሁባት። ነገር ግን ያቺ ልጅ የትኛው ሠፈር እንደምትኖር ከተራመድነው ውስጥ የሚያውቅ የለም። ስኳሯ ዝቅ ብሎ መለኪያዋ ሌሊት ሲጮህ እናቷ ብቻዋን ተነሥታ ጭማቂ እንደምታጠጣት የሰማሁት በሰልፉ ቀን፣ ያውም በአጋጣሚ ነው። ከእናቷ ጋር ሰባት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል።

እሑድ እማማ ቡና ጠሩን። ለሌላው ልጅ ሁሉ ስኳር የተነሰነሰበት ፈንድሻ ሲዘገን፣ ለእህቴ ልጅ ለብቻው የተቆላ ሽምብራ መጣላት። ማንም ምንም አላለም። ስንወጣ እማማ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ ሳቡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"የዓይን ጠብታው ሁለት ብልቃጥ ብቻ ቀርቷል፤ ለእህትህ ንገራት። ደግሞ ልጅቷ ጠብታውን ወስዳ ምግብ ሳትቀምስ እንዳትውል።"