ድንጋዩን ለተማሪው መልሱለት

ሰሞኑን የምድር ሳይንስ መምህራንን ያስቆጣው ውሳኔ አጭር ነው። አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የድንጋይን እፍግታ (መጠነ ቁሱ ለይዘቱ ሲካፈል የሚገኘውን) በእጃቸው የሚለኩበትን ክፍለ ጊዜ ሰርዞ፣ በምትኩ ቀመሩንና የተዘጋጀ የቁጥር ሰንጠረዥ እንዲያጠኑ አዝዟል። ሦስት ምክንያቶች ቀርበዋል፦ ጊዜ አይበቃም፣ መሣሪያ ያንሳል፣ የተማሪዎቹ ውጤት እርስ በርሱ ስለማይስማማ ግራ ይጋባሉ።

ብዕር ያስነሳኝ ሦስተኛው ነው። ልኬት አለመስማማቱ ልኬትን ለማስቀረት ምክንያት የሚሆነው ለክቶ ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው። 11 ግራም የምትመዝን ጠጠር እንውሰድ። ተማሪው መለኪያ ሲሊንደሩን እስከ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ ሞልቶ ጠጠሯን ሲጨምርባት ውሃው 64 ላይ ይደርሳል። ይዘቷ 4 ሚሊ ሊትር ሆነ፤ 11 ለ4 ሲካፈል እፍግታዋ 2.75 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አጠገቡ ያለችው ልጅ ከላይ ቁልቁል ስላየች 65 አነበበች፤ 2.2 ወጣላት። ሌላው ከታች አንጋጦ 63 አለ፤ 3.67 አገኘ። ጠጠሯ አንዲት ናት፣ ውጤቱ ሦስት። ሓላፊዎቹ ግራ መጋባት ያሉት ይህንን ነው። እኔ ግን ከዚህች ደቂቃ የሚበልጥ የሳይንስ ትምህርት አላውቅም። መምህሩ አሁን 270 ግራም የሚመዝን ድንጋይ ያቀብላቸው። ይዘቱ 100 ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ ያችው የአንድ ሚሊ ሊትር ስህተት ውጤቱን ከ2.67 እስከ 2.73 ብቻ ታንቀሳቅሰዋለች። ዓይን ከውሃው ወለል ትክክል መሆን እንዳለበት፣ ትንሽ ነገርን በትልቅ ዕቃ መለካት ለምን እንደሚያሳስት፣ በድንጋዩ ላይ የተጣበቀች የአየር አረፋ ይዘትን እንደምታበዛ ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። የትኛው ሰንጠረዥ ነው ይህን የሚያስተምረው?

ሰንጠረዡማ ምን ይላል? ግራናይት 2.7፣ ባዛልት 3፣ ውሃ 1። ልጁ ይሸመድደዋል፤ ይፈተናል፤ ያልፋል። ከዚያ አንድ ድንጋይ ለሁለት ሰብራችሁ የግማሹ እፍግታ ስንት ነው ብትሉት፣ የሙሉው ግማሽ ነው ብሎ ይመልስላችኋል። ይህንን መልስ ቀመሩን በቃላቸው ከሚወጡ ተማሪዎች አፍ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። መጠነ ቁሱም ይዘቱም አብረው በግማሽ ስለሚቀንሱ እፍግታው እንደማይነካ የሚገባው፣ ሁለቱንም ስባሪ በየተራ መዝኖ ውሃ ውስጥ የነከረ ልጅ ነው።

ዋናው ነገር ግን ገና ነው። እፍግታ በምድር ሳይንስ ውስጥ የአንድ ምዕራፍ ርዕስ አይደለም፤ ማንም ወርዶ ያላየውን የምድር ውስጥ እንድናውቅ በሩን የከፈተልን እርሱ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሄንሪ ካቨንዲሽ እ.ኤ.አ. በ1798 ያሳተመውን ሥራ አስቡ። በቀጭን ሽቦ በተንጠለጠለ ዘንግ ጫፍና ጫፍ ሁለት ትናንሽ የእርሳስ (ሌድ) ኳሶች አሰረ፤ እያንዳንዳቸው ከ150 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑ ሁለት ትላልቅ ኳሶች አስጠጋባቸው፤ በስበታቸው ዘንጉ ምን ያህል እንደዞረ ከክፍሉ ውጭ ሆኖ በቴሌስኮፕ ለካ። ከዚህ ተነሥቶ የመላዋ ምድር እፍግታ ከውሃ 5.48 ጊዜ እንደሚበልጥ አሰላ። ዛሬ የምንቀበለው 5.51 ነው። እርሱም ቢሆን የሒሳብ ስህተት ነበረበት፤ የገዛ ልኬቶቹ በትክክል ሲሰሉ የሚሰጡት 5.45 ገደማ ነው። ታዲያ ውጤቱ ግራ ያጋባል ተብሎ ሙከራው ይሰረዝ ነበር?

አሁን ይህንን 5.51 ድንጋይ ለክቶ 2.7 ባገኘ ልጅ ፊት አስቀምጡት። እጁ ላይ ያለው የምድር ቁራጭ 2.7፤ መላዋ ምድር ከዚያ እጥፍ በላይ። ልጁ ማንም ሳይነግረው ይጠይቃል፦ የቀረው ክብደት የት አለ? ከሥር ነው። ከምድር ቅርፊት እጅግ የታመቀ ነገር በውስጧ መኖር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1906 የሥነ ምድር ተመራማሪው ሪቻርድ ኦልድሃም ከመሬት መንቀጥቀጥ ሞገዶች አካሄድ እምብርት፣ ማለትም የምድር ማዕከላዊ ክፍል፣ መኖሩን አሳየ፤ በ1936 የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪዋ ኢንገ ሌማን በእምብርቱ ውስጥ ሌላ እምብርት እንዳለ አገኘች። በማዕከሉ ላይ ግፊቱ ከባድ በመሆኑ እፍግታው ወደ 13 ይጠጋል። አህጉራት ለምን ከውቅያኖስ ወለል ከፍ ብለው እንደሚቀመጡ፣ ያረጀና የቀዘቀዘ የውቅያኖስ ቅርፊት ለምን ከቅርፊቱ ሥር ወዳለው ንብርብር፣ ወደ ማንትል፣ እንደሚሰምጥ፣ ሁሉም ከዚሁ ጥያቄ ይቀዳል። 2.7ን ከሰንጠረዥ ያነበበ ልጅ ግን ሁለት ቁጥሮች ተነገሩት፤ ሁለቱንም ጻፈ። የሚያስደነግጠው ነገር የለም፣ ምክንያቱም አንዱም የእርሱ አይደለም።

ጊዜ ማነሱን አልክድም። ቢሆንም ሰንጠረዥ ማስሸምደድም ጊዜ ይበላል፤ ያውም ከፈተና በኋላ ለሚረሳ ነገር። መሣሪያ የለም የሚለውንስ? ሲሊንደር ባይኖር የስፕሪንግ ሚዛን፣ ክርና አንድ ባልዲ ውሃ ይበቃሉ። በአየር ላይ ሚዛኑን 540 ግራም ያሳየ ድንጋይ በክር ታስሮ ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ 340 ካሳየ፣ የጎደለው 200 ድንጋዩ የገፋው ውሃ ነው፤ 540 ለ200 ሲካፈል 2.7።

ውሳኔው ከመጪው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ ይጸናል ተብሏል። ከዚያ በፊት የፈረሙበት ሰዎች አንድ ቀን ቤተ ሙከራው ገብተው አንድ ቁራጭ ባዛልትና አንድ ቁራጭ ፐሚስ ይለኩ። ሁለቱም ከእሳተ ገሞራ የወጡ ናቸው፤ አንዱ ይሰምጣል፣ ሌላው ይንሳፈፋል። ከዚያ ፐሚሱን ፈጭተው ዱቄቱን ውሃ ውስጥ ይጨምሩትና ለምን እንደሰመጠ ሰንጠረዡን ሳያዩ በአንድ አንቀጽ ጽፈው ያሳዩን።