በ16 ዓመቱ ይፈርም? ስለ ዶሚኒካን የቤዝቦል ልጆች የተደረገ ክርክር

የዶሚኒካኑ የቤዝቦል ተጫዋች ጁዋን ሶቶ በዲሴምበር 2024 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው ክለብ ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር የ15 ዓመት፣ የ765 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። የመጀመሪያ ውሉን የፈረመው ግን በ16 ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ለውጭ ክለብ ይፈርም? ሁለት የዋሽንግተን አበሾች ተከራክረውበታል።

ታክሲ ነጂው

ሶቶን የወደድኩት በሬዲዮ ነው። ኦክቶበር 1 ቀን 2019። የእኛ የዋሽንግተኑ ክለብ ናሽናልስ ከሚልዋኪ ጋር ይጫወታል፤ የተሸነፈ ይሰናበታል። 3 ለ 1 እየተመራን ነው። ታክሲዬን ስታዲየሙ አጠገብ አቁሜ ሰው እጠብቃለሁ። ሶቶ መታት። ኳሷ ከቀኝ ተከላካዩ እጅ አመለጠች፣ ሦስት ሰው ሮጦ ነጥብ አስገባ፣ መራን። የስታዲየሙ ጩኸት ከሬዲዮው ቀድሞ ደረሰኝ። ልጁ ገና 20 ዓመቱ ነበር። በዚያው ወር ዋንጫው ዋሽንግተን ገባ።

ይህን ልጅ ያገኘው በ16 ዓመቱ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ያስፈረመው ክለብ ነው። "ልጅ ነው፣ ይቆይ" ቢሉ ኖሮስ? ዛሬ 30ዎቹም የአሜሪካ ክለቦች እዚያ አገር ልጆች እያደሩ የሚሠለጥኑበት አካዳሚ አላቸው። ባይሳካለት እንኳ ቢያንስ በቀን ሦስቴ ይበላል።

መምህርቷ

ጋሼ፣ ስለ ሶቶ ያሉት ልክ ነው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። "በቀን ሦስቴ ይበላል።" ለልጅ የምንመኝለት ይሄን ነው? የሚደልብ ሙክትም ይበላል።

አሜሪካዊ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሳይጨርስ ክለብ አያስፈርመውም። ደንቡ ይከለክላል። ዶሚኒካኑ ግን በ16 ይፈርማል። በቃል መስማማቱማ በ12 እና በ13 ዓመትም ይጀመራል። ከዚያ ወዲያ ማን ትምህርት ቤት ይሄዳል? ጠዋት ሜዳ፣ ከሰዓት ሜዳ።

መሃል ላይ ደግሞ ደላላ አለ። እነሱ ቡስኮን ይሉታል። ልጁን ያሠለጥናል፣ ያበላል፣ ሲፈርም ሲሶውን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። እህቶቻችንን ወደ ቤይሩትና ሪያድ የሸኘን ሰዎች ደላላን እናውቀዋለን።

ታክሲ ነጂው

እህቴ፣ ሙክት ያልሽው ከነከነኝ። እኛ ቤት ስምንት ልጆች ነበርን። ትምህርት ቤት ቆሎ በኪሴ ይዤ እሄድ ነበር። እየቆጠርኩ ነው የምበላት፣ ለመመለሻ እንድትተርፈኝ። "ሦስቴ ይበላል" ስል የማወራውን አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያቃልል ጠግቦ ያደገ ሰው ነው።

ቤይሩትን ምን አመጣው? እዚያ የሄደች ልጅ ፓስፖርቷን ትቀማለች። ይሄ ልጅ ያለው አገሩ ላይ ነው፣ የሚጫወተውም የሚወደውን ጨዋታ ነው። የዚያው አገር ልጅ ፔድሮ ማርቲኔዝ ከሎስ አንጀለሱ ክለብ ከዶጀርስ አካዳሚ፣ ከካምፖ ላስ ፓልማስ ተነስቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የቤዝቦል ታላላቆች የሚከበሩበት የዝነኞች አዳራሽ ገባ። ወንድሙ ራሞንም ከእሱ ቀድሞ ለዚያው ክለብ ተጫውቷል።

መምህርቷ

ጠግቤ እንዳደግሁ ማን ነገረዎት? እሱን ልተወው።

በረሃብ አልቀለድኩም። ምግብ የውል ማባበያ አይሁን ነው ያልኩት። የራበው ልጅ የማይፈርመው ወረቀት የለም።

ሶቶ፣ ፔድሮ፣ ራሞን። ሦስት ስም ጠሩልኝ። በ20 ዓመቱ "አልሆንክም፣ ወደ ቤትህ" የተባለውን ልጅ ስም ማን ይጠራል? የአሜሪካ ታችኛ ሊግ ተጫዋቾች በ2023 እ.ኤ.አ. በማኅበራቸው በኩል የመጀመሪያውን የጋራ ውል ሲያገኙ፣ የእነዚሁ ክለቦች ልጆች በሚጫወቱበት በዶሚኒካኑ ሊግ ያሉት አልተካተቱም። ክለቡ ያው፣ ማሊያው ያው።

አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት ፋውስቶ ካርሞና ተብሎ የተጫወተው ዶሚኒካናዊ በ2012 እ.ኤ.አ. በአገሩ ዋና ከተማ በሳንቶ ዶሚንጎ ሲያዝ እውነተኛ ስሙ ሮቤርቶ ሄርናንዴዝ ሆኖ ተገኘ። ዕድሜውም ካስመዘገበው በሦስት ዓመት ይበልጣል። ለምን ዋሸ? ገበያው የ19 ዓመቱን ልጅ "አርጅተሃል" ስለሚለው ነው።

ታክሲ ነጂው

ስለ አስተዳደግሽ መናገር አልነበረብኝም። ይቅርታ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔና አንቺ እዚህ ምን እንሠራለን? ወጥተን ስናበቃ ሌላውን "አትውጣ" የማለት መብት ከየት አመጣን? እኔ በ19 ዓመቴ በሱዳን በኩል ስወጣ ማንንም አላስፈቀድኩም። አባቴ ቢሰማ እምቢ ይል ነበር። ዛሬ የቤታቸው ቆርቆሮ የተቀየረው በላክሁት ብር ነው። ደላላውን ይቆጣጠሩት በይኝ፣ እስማማለሁ። በሩን ዝጉ ግን አትበይኝ።

መምህርቷ

በሩን ዝጉ የት ላይ አልኩ? መልሰው ያንብቡኝ። ስለ ልጅ መፈረም ጀምረን ስለ እርስዎ ስደት እያወራን ነው።

እርስዎ በ19 ወጡ። ከዚያ ላይ ሰባት ዓመት ይቀንሱ። ደላላው ዘንድ የሚያድረው የዚያ ዕድሜ ልጅ ነው። የማስተምራቸው ልጆች በዚያ ዕድሜ ላይ ናቸው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ጃኬቱ ጠፍቶበት ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ያ ልጅ ነው ውል የሚዋዋለው?

ስለ ትምህርታቸው ደግሞ እስካሁን አንዲት ቃል አልመለሱልኝም። የእርስዎ ልጅ ቢሆንስ ይሰጡታል?

ታክሲ ነጂው

ልጄ 13 ዓመቱ ነው። አልሰጠውም። የማልሰጠው ግን ከዚያች ከሳንቶ ዶሚንጎዋ እናት የተሻልኩ አባት ስለሆንኩ አይደለም። ማታ ከሥራ ስገባ ፍሪጁን ከፍቶ "ባባ፣ የሚበላ ነገር የለም" ይለኛል። እንጀራው አለ፣ ወተቱ አለ፣ የትናንቱ ዶሮ አለ። ያቺ እናት ልጇ እንዲህ ሲላት ምን አሳይታ ዝም ታሰኘው?